የወረቀቱ ሰውዬ

የወረቀቱ ሰውዬ ቦርጭ የለውም። ደረቱ 40 ኢንች፣ ወገቡ 34፣ አንገቱ 15 ከግማሽ፤ እንዲህ እንዳለ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሯል። የፋሲካ ዶሮ አልጨመረበት፣ ሁዳዴ አልቀነሰለት። መኖሪያው አንዲት የወየበች ፖስታ ናት። ፖስታዋ ላይ ሦስት ጎልማሶች ተሥለዋል፤ ጸጉራቸው ጆሯቸውን ሸፍኖታል፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ጫፉ ትከሻቸው ላይ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው፣ ሱሪያቸው ቤልቦተም ነው። ሦስቱም አንድ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ራቅ ወዳለ ነገር ያያሉ። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው እንደዚያ አያይም።

ፖስታዋ የአክስቴ ነበረች። የአሜሪካ የሰላም ጓዶች እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ እየመጡ በየጠቅላይ ግዛቱ ሲያስተምሩ፣ ለአክስቴ ክፍል የቤት አያያዝ የምታስተምር አንዲት ወጣት ደረሰቻቸው። መምህርቷ ወደ አገሯ ስትመለስ ሻንጣዋን ያቀለለችው በአክስቴ ላይ ነው፤ ጥቂት መጻሕፍት፣ አንድ ጃንጥላና ይህችው የሸሚዝ ሞዴል የያዘች ፖስታ። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መጻሕፍቱን አዋሰች፣ ጃንጥላውን ሰጠች፣ ፖስታዋን ግን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባት። ከእሷ ለእኔ የደረሰኝ ውርስ ይህች ፖስታና የአያቴ ሲንገር የስፌት መኪና ነው። ቤቱን ሌሎች ተካፈሉት።

በአገራችን ወንድ ልብስ ሲሰፋ ማንም አይደነቅም። በየበረንዳው መኪና ዘርግቶ የተቀመጠው ማን ሆነና! የሚያስደንቀው ሳሎኑ ውስጥ፣ ለገዛ ራሱ፣ ያለ ክፍያ ሲሰፋ ነው። የቢሮ ሰው ደግሞ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ጎረቤታችን ድምፁን ሰምታ ባለቤቴን በአጥር በኩል «ምነው፣ ከሥራ ቀነሱት እንዴ?» አለቻት። ባለቤቴም «ቢቀንሱትማ ምክንያት ነበረው፤ እንዲያው በደህናው ቀን ነው» ብላ መለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ስትለኝ መልሱን ቆማ ትጠብቃለች።

መኪናዋ ከወረቀቱ ሰውዬ በዕድሜ እጅግ ትበልጣለች። ጥቁር ገላዋ ላይ በወርቅማ ቀለም የግብፆቹ ስፊንክስ ተሥሏል፤ ገላው አንበሳ፣ ፊቱ የሰው። ግማሹን የአያቴ መዳፍ ሲመላለስበት አጥፍቶታል። አያቴ የይሁዳ አንበሳ ነው ብላ ታምን ነበር። «ታዲያ ዘውዱ የት ሄደ?» ሲሏት «ለሥራ አውልቆት ነው» ትላለች። የመኪናዋ ቁጥር በዋይ ፊደል ይጀምራል፤ ይህም የተሠራችው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ክላይድባንክ በሚባል ከተማ በነበረው ግዙፍ ፋብሪካ መሆኑን ይናገራል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። አጠገቡ ያለው የባቡር ጣቢያ ግን ስሙን አልቀየረም፤ ባቡሩ ዛሬም «ሲንገር» ብሎ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ መኪና የሚሠራ ግን የለም።

ባለ ስሙ አይዛክ ሲንገር ተዋናይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 መኪናውን ሲያስመዘግብ መድረኩ ብዙም አልጠቀመውም ነበር። ማሽን የሚባል ነገር የማይወዱት ማሃተማ ጋንዲ እንኳ የስፌት መኪናን ከውግዘታቸው አውጥተዋታል። ምክንያታቸው ልብ ይነካል፤ ሲንገር ሚስቱ በመርፌ ስትደክም አይቶ፣ ከፍቅሩ የተነሳ የሠራላት ነው ይሉ ነበር። የትኛዋ ሚስቱ እንደሆነች ግን አልገለጹም። ሰውየው ከተለያዩ ሴቶች ከሃያ የማያንሱ ልጆች የወለደ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ስሙን እየለዋወጠ ከአንድ በላይ ቤት ያስተዳደረ ነው። ለዚያ ሁሉ ልጅ ቁምጣ መስፋት ሲታሰብ ግን የጋንዲ ግምት ጭራሽ መሠረት የለውም አይባልም።

እጄ ስትገባ መዘውሯ ንቅንቅ አይልም ነበር። ያያዛት ዝገት አይደለም፣ ቅባኑግ ነው። አያቴ ለሰው ሆድ የሚስማማ ዘይት ለብረት አይከፋም ባይ ስለነበረች ዕድሜዋን ሙሉ የኑግ ዘይት ስታጠጣት ኖራለች። የኑግ ዘይት ደግሞ አየር ካገኘው ቀስ እያለ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። መድኃኒቱ ነጭ ጋዝ ነው። በየቀዳዳው ጠብ ጠብ እያደረጉ ማሳደር፣ በማግስቱ መዘውሩን ሳያስገድዱ ወዲህ ወዲያ ማባበል፣ ጥቁሩን እድፍ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ እንደገና ማጠጣት። ፈታ ስትል ነው እውነተኛው የመኪና ዘይት የሚገባላት። በእነዚያ ቀናት ሳሎናችን ግማሹ ጋራዥ ግማሹ የጾም ወጥ ይሸት ነበር፤ ባለቤቴ ስለዚህ ጉዳይ ያለችውን ሁሉ አልጽፍም።

ቦቢኗ ሌላ ታሪክ ናት። የዛሬዎቹ ቦቢኖች ክብ ናቸው። የእሷ ግን ሁለት ጫፏ ላይ ትንንሽ ክቦች ያሏት ቀጭን ዘንግ ናት። የምትገባውም ቁርጥ ጥይት በመሰለች የብረት መያዣ ውስጥ ሲሆን፣ መያዣዋ ከመርፌው ሥር ወዲያና ወዲህ እየተወረወረች የላዩን ክር ከታቹ ጋር ታቆላልፋለች። ትርፍ ቦቢን ፍለጋ መርካቶ ወርጄ መያዣዋን ከኪሴ ሳወጣት ባለሱቁ ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ እኛ እንዲህ ያለ ዕቃ አንነካም፣ ባክህ መልሰው» አለኝ። የስፌት መኪና መሆኗን ካስረዳሁት በኋላ ተረጋግቶ ገልበጥ ገልበጥ አደረጋትና «የበተርፍላይ አይሆንልህም?» ሲል ጠየቀኝ። የሻንጋይዋ በተርፍላይ አገሩን ሞልታዋለች፤ የማንኛውም ነገር መፍትሔ የበተርፍላይ ዕቃ ነው። ለእኔ አልሆነም። መርፌው ግን ሆነ! ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ተራ የቤት መኪና መርፌ ለዚህች አሮጊት ልክክ ይልላታል። ስልኬ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቻርጀሩ በጠፋበት ዘመን የመርፌውን ልክ ያልቀየረ ሁሉ እግዜር ይስጠው።

ጠባይም አላት፤ ወደኋላ አትሰፋም። የዛሬ መኪና የስፌቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁለት ሦስት እርምጃ ተመልሶ ክሩን ያስረዋል። እሷ ወደፊት ብቻ ናት፣ ጫፉን በእጅህ ትቋጥራለህ። ፔዳሉም ቢሆን ሙሉ እግር ይፈልጋል፤ ጣትና ተረከዝ እየተፈራረቁ ይጫኑታል፣ ቺንጋው መዘውሩን ያዞረዋል፣ መዘውሩ ወደ ሰፊው ካልዞረ ግን ክሩ ተወታትቦ ቁጭ ይላል። ይህን ሁሉ የምታስከነዳው መብራት በጠፋ ቀን ነው። ጎረቤት ያለው የኤሌክትሪክ መኪና እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ የእኔዋ ሻማ አስለኩሳ ሰፈሩን ታናውጣለች። ሐረር ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት ጠባብ መንገድ አለ፣ መኪና ግርግር ይባላል። አንድ መኪና ሳሎን ውስጥ እንዲህ ካንቀጠቀጠ የዚያን መንገድ ነዋሪ እንቅልፍ አስቡት።

ወደ ወረቀቱ ሰውዬ ልመለስ። ልብስን በወረቀት ልክ አስቀድዶ ለዓለም የሸጠው ራሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ኤበኔዘር በተሪክ የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሞዴሎች በአንድ ልክ ብቻ ይወጡ ስለነበር ማስፋቱና ማጥበቡ የሰፊዋ ዕዳ ነበር። ባለቤቱ ኤለን ለልጃቸው ቀሚስ ስትሰፋ በዚህ ተማርራ «በየልኩ ቢዘጋጅ ምን ነበረበት?» እንዳለችው ይነገራል። እሱም እ.ኤ.አ. በ1863 በየልኩ አዘጋጅቶ መሸጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ያወጣውም የወንድና የልጅ ልብስ ነበር። በካርቶን ሞክሮ ካርቶን ታጥፎ ፖስታ አልገባ ስላለው ወደ ስስ ወረቀት ዞረ። ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ እያጠፈ ፖስታ ውስጥ ይከት ነበር። እንግዲህ የእኔ ሰውዬ የትውልድ ሐረጉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

ወረቀቱ ሲዘረጋ ጠረጴዛው አልበቃ ብሎ ወደ ወለሉ ወረደ። ከሽንኩርት ልጣጭ የሚሳሳ ስለሆነ ሰው ሲያስነጥስ እጅጌው ተነሥቶ ሶፋ ሥር ይገባል። በላዩ ላይ ያለው ምልክት ሁሉ ሥራ አለው። ረጅሙ ቀስት ከጨርቁ ዳር ጋር እኩል መሄድ አለበት፣ አለበለዚያ ሸሚዙ ከታጠበ በኋላ ይጣመማል። በእጅጌው አናት አንድ ጥርስ ያለበት ወደ ፊት፣ ሁለት ጥርስ ያለበት ወደ ኋላ ነው። ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ፋብሪካው ያላተመው ነው። ጀርባው ላይ አክስቴ በእርሳስ «2 ጣት ጨምሪ» ብላ ጽፋለች። እንግሊዝኛው ስለ ኢንች ስምንተኛ ክፍልፋይ ያወራል፣ አክስቴ በጣቷ ለካች፣ አለቀ። ከዚያ ሥር ደግሞ «ኮረሪማ፣ ሳሙና፣ ዕቁብ ሐሙስ» ይላል። የማን ጀርባ ሁለት ጣት እንዳስጨመረ ቤተሰቡን ብጠይቅ ሁሉም የሌላውን ስም ነገረኝ።

ሁለት ጣት ለእኔ ይብቃ አይብቃ ለማወቅ መለካት ነበረብኝ። ራስን መለካት አይቻልም፤ ሜትሩን ወገብ ላይ ሲያዞሩ ትንፋሽ በራሱ ጊዜ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ስለዚህ ወረቀቴን ጠቅልዬ ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1831 ልብስ ሰፊዎች ተሰብስበው፣ ቲሞኒዬ የሚባል የሙያ ባልደረባቸው የወታደር ልብስ ሊሰፋባቸው ያቆማቸውን 80 ያህል መኪኖች ሰባብረውበታል። እንጀራችንን ሊወስድ ነው ብለው ነው። የሰፈራችን ሰው ታጋሽ ናቸው፤ እኔን የሰባበሩኝ በምላሳቸው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ልኬን ይወስዱልኛል? መስፋቱን እንኳ ራሴ ነኝ» አልኳቸው።

«አንተ?» አሉ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ወረቀቱን በጣታቸው ጫፍ አነሱት። «ይሄ ምንድን ነው፣ የሻይ ቅጠል ነው የተጠቀለለበት?»

የሸሚዝ ሞዴል መሆኑን፣ ለስፌት የሚተወውም ትርፍ ከአምስት ስምንተኛ ኢንች እንደማይበልጥ አስረዳኋቸው።

«አምስት ስምንተኛ! እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ያቆምኩት ከዚህ ልሸሽ ብዬ ነው። ስንት ሴንቲ ነው?»

«አንድ ከግማሽ በለጥ ይላል።»

«ስስት ነው። ሰው ነገ የሚወፍር አይመስለውም እንዴ ይሄ ፈረንጅ?» ብለው ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። «ቁም! ሆድህን ልቀቀው። ልቀቀው እንጂ! ሆድህን ይዘህ ልክህን ብታስወስድ ሸሚዙን የምትለብሰው ትንፋሽህን ይዘህ ነው?»

ለቀቅኩት። ቁጥሩን እሳቸው አይጽፉም፤ ከመንገዱ ማዶ ክር ሊገዛ ለሄደው ረዳታቸው ጮኸው ይነግሩታል። እንዲህ ሆኖ ደረቴ 103፣ ወገቤ 101 መሆኑን የታክሲ ተራው በሙሉ ሰማ። በወረቀቱ ሰውዬ ደረትና ወገብ መካከል ባለው ልዩነት 15 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይገባል። የእኔዎቹ ልዩነታቸውን ካጠበቡ ቆይተዋል፤ የቀረቻቸውንም 2 ሴንቲ ሜትር በውይይት ሊፈቷት ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ እኔ ያልጠየቅኳቸውንም አዩ፤ የቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ይላል፤ ጀርባዬ ከላይ ጎበጥ ብሏል። «ኮምፒውተር ነው» አሉ፣ ሐኪም ያልነገረኝን። ወረቀት እንዲህ አይናገርም። ወረቀት ሁለቱን ትከሻ እኩል አድርጎ ይስልና ካልሆነልህ ጥፋቱን ላንተ ይተዋል። እሳቸው ወረቀት ነክተው አያውቁም፤ ከግድግዳቸው ምስማር ላይ ጥቂት የካርቶን ኮሌታዎች ብቻ ተንጠልጥለዋል። «ሌላው ሰውየው ላይ አለ፤ ኮሌታ ብቻ ነው የማይገኝበት» ይላሉ።

ከደህናው ጨርቅ በፊት በርካሹ መሞከር ያዋጣል። ለዚህ ከአቡጀዴ የሚሻል የለም፤ ይቀደዳል፣ ይሰፋል፣ ይፈታል፣ አያሳዝንም። ጎኖቹን ከብብት እስከ ታች አስፍቼ፣ የጀርባውን ሁለት ጣት በአክስቴ ፈቃድ ጨምሬ፣ ቀኝ ትከሻውን ዝቅ አድርጌ አንዱን ሰፋሁና ከመስተዋት ፊት ቆምኩ። በዚያው ቅጽበት እናቴ በሩን ከፍታ ገባች። እናቴ አቡጀዴን የምታውቀው በአንድ ጉዳይ ነው፤ የዕድራችን ሰዎች ሰው ሲያልፍ ለመግነዝ የሚገዙት እሱኑ ነው።

«በስመ አብ ወወልድ! ልጄን! በቁምህ?» ብላ በሩን ተደገፈች።

«እማዬ፣ ልክ እየሞከርኩ ነው!»

«የዚህ ልክ ይሞከራል እንዴ!»

ውሃ ሰጥተን አስቀመጥናት። ትንፋሿ ሲመለስ ዘወር ዘወር እንድል አዘዘችኝና «ጀርባው ግን ጥሩ አርፏል» አለች። እናት ምንጊዜም እናት ናት፤ ደንግጣም ቢሆን ስፌት ታያለች።

ሰማያዊ ፖፕሊን ገዛሁ። ፖስታዋ በ45 ኢንች ስፋት ጨርቅ ሁለት ከግማሽ ያርድ ትላለች፤ መርካቶ ያገኘሁት ግን ሰፋ ያለ ስለነበረ ከሁለት ሜትርም ተረፈኝ። ከመቀደዱ በፊት ታጥቦ መተኮስ አለበት፣ ጥጥ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባልና። መቅደዱን ባልተርከው እመርጣለሁ፤ መቀስ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚሰማኝ ነገር ፍርድ ቤት የቆምኩ ቀን የተሰማኝ ነው። ወደ እጅጌው ልለፍ።

እጅጌ ተንኮለኛ ነው። አናቱ ከሚገባበት ቀዳዳ ይበልጣል፣ ሆን ተብሎ። ትከሻ ጠፍጣፋ ስላልሆነ ያ ትርፍ ሳይሸበሸብ እየተመጠጠ መግባት አለበት። የወረቀቱ መመሪያ በመጀመሪያ ጎኑን ገጥመህ ከዚያ እጅጌውን በቀዳዳው ክብ ዙሪያ ስፋ ይላል። ልብስ ሰፊው ይህን ስነግራቸው ቡናቸውን አስቀመጡ። «ሸሚዝ እንደ ኮት ይሰፋል እንዴ? መጀመሪያ እጅጌውን ትከሻው ላይ ተዘርግቶ እያለ ግጠመው። ከዚያ ከእጅጌው ጫፍ ጀምረህ በብብት አልፈህ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ውረድ።» እንደዚያ ሲደረግ ክብ የሚባል ጣጣ የለም። ወደኋላ የማታውቀው መኪናዬም ከአንጓ እስከ ዳሌ ሳትቆም ወረደች። ለዚህ የተፈጠረች ናት።

ኮሌታው ግን የወረቀቱ ሰውዬ ሥልጣን ነው፤ እሱን ለማንም አላስነካሁም። ሁለቱ ጫፎች ሹል ሆነው የሚወጡት ከውስጥ ያለው ትርፍ ጨርቅ በሰያፍ ሲቆረጥ ነው፤ ካልተቆረጠ ጫፉ ይደነድንና ድንች ይሆናል። ውስጡ ጠንከር ያለ ጨርቅ ይገባል። ወደ ውጭ ሲገለበጥ ጫፉን በመቀስ አፍ የሚገፋ ሰው ቀድዶ ይጨርሰዋል፤ መርፌ ከውጭ አስገብቶ ቀስ እያሉ መጎተት ነው። ይህን ሁሉ ያደረግኩላቸው ሁለቱ ጫፎች ተተኩሰው ሲያልቁ ቁመታቸው የሚያሳፍር ሆነ። ባለቤቴ ከሩቅ አይታ «ነፋስ ባለበት ቀን እንዳትወጣበት» አለች።

ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የምታውቅ መኪና የአዝራር ቀዳዳ አትሠራም። እሱ የእጅ ሥራ ነው። ልብስ ሰፊው ክሩን በጧፍ ላይ ጎተት ጎተት አድርገው በሰም አለሰለሱልኝ፤ ሰም የነካው ክር አይወታተብም። ቀዳዳው መጀመሪያ ዙሪያው በስፌት ይታጠርና ከዚያ ነው የሚቀደደው፤ ከዚያ መርፌው በገባ ቁጥር ክሩ በራሱ ላይ ይቋጠራል፣ ቋጠሮዎቹ ከንፈሩ ላይ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። የመጀመሪያው ቀዳዳዬ አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው ይመስላል፤ ደግነቱ እሱ ከታች፣ ሱሪ ውስጥ በሚገባው በኩል ነው። ከላይ ያሉት የተከበሩ ናቸው።

ሸሚዙን ለብሼ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ልብስ ሰፊው ነው። ዙሪያዬን ዞሩ፣ ብብቴን ፈተሹ፣ የጎኑን ስፌት ገልበጥ አድርገው አዩ። «ጀርባው ደህና ነው። ትከሻውም ደህና ነው» ካሉ በኋላ ኮሌታው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይሄማ የኛ ጊዜ ነው! ይሄን ለብሰን ነው ሲኒማ እንሄድ የነበረው።»

ይህን ሲሉ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ወጣት በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ጸጉሩን አሳድጎታል፣ ሱሪውም ከታች ሰፋ ሰፋ ብሏል፤ ልቤ የፖስታዬን ጎልማሶች አስታወሰ። ኮሌታዬን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ብሮ፣ ይሄን ከየት አገኘኸው? ቪንቴጅ ነው አይደል?»

አፌን ሳልከፍት ልብስ ሰፊው ቀደሙኝ። «ቪንቴጅ ነው። እኛ ጋ ይሠራል።»

ልጁ ዋጋ ጠየቀ፣ ተነገረው፣ ተከራክሮ ቀብድ ከፈለ። እንደሄደም ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «ያንን የሻይ ቅጠል ወረቀት እስኪ አምጣልኝ፣ ካርቶን ላይ ላሰፍረው» አሉኝ። ሙሉውን ፖስታ ላምጣላቸው ብዬ ነበር፤ ጀርባውን፣ ደረቱን፣ እጅጌውን።

«ኧረ ተወኝ! ሰውዬውን ለራስህ ያዘው፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ የለኝም። ኮሌታውን ብቻ።»

ወስጄ ሰጠኋቸው። አሁን በበረንዳቸው በኩል ባለፍኩ ቁጥር ያ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ አንዱ ተሰቅሎ አያለሁ፤ አንዴ ነጭ፣ አንዴ አበባ ያለበት ቡናማ። እኔም ሁለተኛ ልሰፋ ጨርቅ ገዝቼ ወረቀቴን እንዲመልሱልኝ ጠየቅኳቸው። መኪናቸውን ሳያቆሙ «ነገ ና» አሉኝ። ልብስ ሰፊ ናቸውና፣ የትኛው ነገ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።